ያልተመዘገበ መጽሐፍ ቢጠፋም አይፈለግም

(በማኅበራችን 25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ ናይሮቢ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ቤተ መጻሕፍታችን እንድናገር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ያልኩት «ተሳስታችኋል» ነበር። በመካከላችን ዶክተሮች አሉ፣ መምህራን አሉ፣ በዓለም አቀፍ ድርጅት የሚሠሩ ሰዎች አሉ። እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ከአገር የወጣሁ፣ ኢስሊ ውስጥ በርበሬና ሽሮ፣ ቡናና ጀበና የምሸጥ ባለ ሱቅ ነኝ። ኮሚቴው ግን «ቁልፉ ያለው አንተ ጋ ነው» አለኝ። እውነት ነው። የመጻሕፍቱ ክፍል ቁልፍ ከሱቄ ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት ላይ ከዋለ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ የምናገረው እንደ ምሁር ሳይሆን እንደ ቁልፍ ያዥ ነው፤ ስሕተት ብናገር የተማራችሁት አርሙኝ።

ንግግሬን የምጀምረው በኑዛዜ ነው።

ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ አባት ነበሩን። ከአገር ሲሰደዱ ከልብሳቸው ይልቅ መጽሐፋቸውን የያዙ ሰው ነበሩ። ሲያርፉ ቤተሰባቸው ወደ ሌላ አገር ለመሄድ ይዘጋጅ ስለነበር መጻሕፍቱን በአራት ካርቶን አድርገው ለማኅበሩ ሰጡ። ያን ጊዜ ማኅበሩ የራሱ ክፍል አልነበረውም። «እኔ ጋ ይቀመጥ» ብዬ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ከሱቄ ጀርባ ባለው ዕቃ ቤት፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ከግድግዳው አስጠግቼ ደረደርኳቸው። በላያቸው የምስር ጆንያ ጫንኩባቸው። አደራ መቀበሌን እንጂ አደራ መጠበቅ ምን እንደሆነ አላሰብኩም ነበር።

ረጅሙ ዝናብ መጣ። ውኃው ከላይ ሳይሆን ከሥር፣ ከግድግዳው ገብቶ ካርቶኖቹን በዝምታ ጠጣቸው። ጆንያዎቹን አንስቼ ሳይ የታችኞቹ ሁለት ካርቶኖች ውስጥ ያለው ወረቀት እንደ ገንፎ ሆኖ ነበር። ሽታው እስከ ዛሬ በአፍንጫዬ አለ። አውጥቼ ጣልኩት። ያዘንኩ መስሎኝ ነበር፤ እውነተኛው ኀዘን ግን ገና ነበር።

ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ የእኒያ አባት ልጅ ከምትኖርበት አገር ለጉብኝት መጥታ ሱቄ ገባች። ሰላም ተባብለን፣ ቡና ጠጥተን ስናበቃ «ጋሼ፣ ከአባባ መጻሕፍት መካከል አንድ ዳዊት ነበር፤ በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ የሁላችንንም የልደት ቀን በእጁ ጽፎበታል። እሱን ብቻ ባየው ደስ ይለኛል» አለችኝ። በተረፉት ሁለት ካርቶኖች ውስጥ አለመኖሩን ዐውቃለሁ። ግን ከጠፉት ጋር ጠፍቶ ነው? ወይስ ቤተሰቡ ሳያስረክበኝ ቀርቶ? ወይስ አንድ ሰው ተውሶት? አላውቅም። «ጠፍቷል» ብዬ ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳን እርግጠኛ አልነበርኩም። ልጅቱ አልተቆጣችም፤ ቢሆን ኖሮ በተሻለኝ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ ሱቁን ስዘጋ የዱቤ መዝገቤን አየሁት። ማን፣ መቼ፣ ስንት ኪሎ ምስር እንደወሰደ መስመር በመስመር ተጽፏል። ለምስር መዝገብ ያለኝ ሰውዬ፣ የአንድን አባት የዕድሜ ልክ ጥሪት ያለ አንዲት መስመር ጽሑፍ ተቀብያለሁ። ቤተ መጻሕፍት ምን እንደሆነ መማር የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። የተማርኩትን በሦስት ከፍዬ እነግራችኋለሁ፤ መጠበቅ፣ መመዝገብና ማገልገል።

መጠበቅ

አባቶቻችን መጽሐፍ መጠበቅን ከእኛ ይበልጥ ያውቁበት ነበር። ብራናው የፍየል ቆዳ ነው፤ ከወረቀት ይልቅ ይጠናል። ጥራዙ በእንጨት ገበታ መካከል ይሆናል። ከዚያ የቆዳ ማኅደር ይሰፋለትና በማንገቻው ከግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ስመለከተው መሰቀሉ ለጌጥ ብቻ አይመስለኝም፤ የተሰቀለ መጽሐፍ ከወለል እርጥበት ይርቃል፣ ለአይጥም አይመችም። እኔ ሲሚንቶ ላይ ያስቀመጥኩትን የገጠር ደብተራ ከፍ አድርጎ ሰቅሎታል። በዓድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ገዳም ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተጻፉ ታውቋል። ከሺህ ዓመት በላይ የጠበቃቸው ማሽን አይደለም፤ ጥሩ ቆዳ፣ ደረቅ ቦታና አደራውን የማይረሳ ሰው ነው።

ሐረርም እንዲሁ ናት። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው ተነሥተው የከተማዪቱን የእጅ ጽሑፎችና ቅርሶች ከየቤቱ ሰበሰቡ፤ የአሮጌ መጽሐፍ ጥረዛና ጥገና ተማሩ፤ ዛሬ በስማቸው የሚጠራ ሙዚየም አለ። ይህን የምጠቅሰው «ይህ የመንግሥትና የምሁር ሥራ ነው» ለሚል ሰው መልስ እንዲሆን ነው። አንድ ሰው ካመረረ ብዙ ይሠራል።

የእኛ መጻሕፍት ብራና አይደሉም፤ ወረቀት ናቸው። ወረቀት ደግሞ ጠላቱ ብዙ ነው። ቤታችሁ መጽሐፍ ያላችሁ ይህን ያዙልኝ።

መጽሐፍ ከወለል ይነሣ፤ ከግድግዳም አንድ ጋት ያህል ይራቅ፤ አየር ይለፍበት። የአየሩ እርጥበት ከመቶ 65 ካለፈ ሻጋታ ይመቸዋል ይባላል፤ መለኪያ ከሌላችሁ የጨው ማስቀመጫችሁን እዩ፤ ጨው የሚረጥብበት ክፍል ለመጽሐፍ አይሆንም። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥርም አታስቀምጡ፤ ሽፋኑን ያነጣል፣ ወረቀቱን ያደርቃል።

የተቀደደ ገጽ በፕላስተር አትለጥፉ። ሙጫው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ያበላሸዋል፤ ላንሣው ሲሉትም ፊደሉን ይዞ ይነሣል። አሮጌ ሰነድ በፕላስቲክ ማሸግም (ላሚኔት ማድረግም) እንዲሁ ነው፤ ከገባ በኋላ መውጫ የለውም።

ጋዜጣ በራሱ ጊዜ ይሞታል። የሚታተምበት ርካሽ ወረቀት በውስጡ አሲድ ስላለው ይቢጫል፣ ይሰባበራል። ስለዚህ የማኅበራችንን የመጀመሪያ ዓመታት ዜና የያዘ ቁራጭ ያላችሁ ቶሎ ፎቶ አንሱት ወይም ኮፒ አድርጉት።

መጽሐፍ ቢረጥብባችሁ ደግሞ ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ይጣመማል። በገጾቹ መካከል ንጹሕ ነጭ ወረቀት እያስገባችሁና እየቀየራችሁ በነፋስ፣ ቢቻል በቬንቲሌተር አድርቁት። ቶሎ ነው መሆን ያለበት፤ በሁለት ቀን ውስጥ ሻጋታ ሊጀምር ይችላል። እኔ ይህን የሰማሁት ከጣልኩት በኋላ ነው። ከጣልኩት መካከል ሊተርፍ የሚችል እንደነበር ዛሬ ዐውቃለሁ።

መመዝገብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መጽሐፍ ብዙ ያለው ቤት ሁሉ ቤተ መጻሕፍት አይደለም። ዕቃ የሞላው መጋዘን ሱቅ እንዳልሆነ ሁሉ ማለት ነው። ሱቅ የሚያሰኘው «አለ?» ሲባል «አለ፣ እዚያ ጋ ነው» ወይም «የለም፣ አልቋል» ማለት መቻሉ ነው። ቤተ መጻሕፍትንም ቤተ መጻሕፍት የሚያሰኘው ዝርዝሩ፣ ካታሎግ የሚሉት፣ ነው።

ይህም ለእኛ አዲስ አይደለም። በአብያተ ክርስቲያናት ጥንታዊ ወንጌሎች ባዶ ገጽ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት፣ መጻሕፍቱም ጭምር፣ ተዘርዝሮ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በሌሎቹም ላይ «የሰረቀ፣ የፋቀ የተረገመ ይሁን» የሚል ግዝት ይጻፋል። እኛ ግዝቱን በማኅተም ተክተነዋል፤ የሚሠራው ግን ለአንድ ዓላማ ነው።

ዝርዝር ምን እንደሚጠቅም ከመቅደላ ታሪክ እንማር። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰባሰቧቸውን መጻሕፍት ዘርፎ ሲወስድ ወደ 350 የሚሆኑት ለንደን ደረሱ። በ1877 ዊልያም ራይት የተባለ ሊቅ እያንዳንዱን ቈጥሮ፣ ገልጦ፣ ካታሎግ አድርጎ አሳተመ። መዘረፋችን ያሳዝናል። ነገር ግን ዛሬ ማንም ሰው የትኛው መጽሐፍ እዚያ እንዳለ በቍጥሩ ሊጠራው ይችላል። በየወታደሩ ከረጢት ገብቶ ሳይመዘገብ የቀረውን ግን «መልሱ» ለማለት እንኳን ስሙን አናውቀውም። ያልተመዘገበ መጽሐፍ ቢጠፋም አይፈለግም ያልኩት ይህንን ነው።

ሁለተኛ ምሳሌ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን የእጅ ጽሑፎች በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። ከየገዳሙና ከየአጥቢያው ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሡ፤ ቅጂያቸው አሜሪካ ሚኒሶታ ባለ ገዳም ተቀመጠ። ፊልሙ ብቻውን ግን ጨለማ ነው። ያን ፊልም አገላብጠው የየመጽሐፉን ይዘት ለዓለም ያሳወቁት በዋነኛነት እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው፣ ከአገራቸው ርቀው፣ ዓመታት ሙሉ ዝርዝር ጻፉ። እኛም ስደተኞች ነን፤ እግራችን ጤነኛ ነው፤ የእኛ መጻሕፍት ደግሞ አምስት መቶ አይሞሉም። ምን ምክንያት አለን?

ዝርዝሩን ስንጀምር ቀላል መስሎን ነበር። የመጀመሪያው ጭቅጭቅ የተነሣው በስም ነው። እዚህ አገር ቢሮ «ሰርኔም» ሲሉን የአባታችንን ስም እንጽፋለን፤ ስለዚህ ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚጠሩት በእኛ ስም ነው። በመጽሐፍም እንዲሁ ይደረጋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በአባት ስም፣ በ«ዓለማየሁ» ሥር ተጽፎ ይገኛል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን «የሐዲስን መጽሐፍ» ብሎ ነው የሚፈልገው። ይባስ ብሎ፣ የመንግሥቱ ለማን መጻሕፍት በ«ለማ» ሥር ብናስቀምጥ ከአባታቸው ከአለቃ ለማ ኃይሉ ጋር ይደባለቃሉ፤ መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን ትዝታ በቴፕ ቀርጸው በመጽሐፍ ያወጡ ናቸውና አባትም ልጅም በመደርደሪያችን ላይ አሉ! ስለዚህ ደንባችን በራስ ስም መመዝገብ ሆነ። ማዕረግም አይቈጠርም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ኅሩይ» ሥር እንጂ «ብላቴን» ሥር አይገቡም፤ «ወልደ ሥላሴ»ም አንድ ስም ነው፤ አይከፈልም።

ሁለተኛው ጭቅጭቅ ፊደል ነው። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ። አንዱ «ኃይለ» ይላል፣ ሌላው «ሀይለ»፣ ሦስተኛው «ሐይለ»። አንድ ደራሲ ሦስት ቦታ ተገኘ። ከብዙ ክርክር በኋላ እንዲህ ተስማማን፤ ስሙን መጽሐፉ ላይ እንደተጻፈው እንጽፋለን፤ ስንደረድር ግን አንድ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት አንድ ላይ እናደርጋለን። ሊቃውንት ቢቆጡንም አንባቢ መጽሐፉን ያገኛል።

ሦስተኛው ዓመተ ምሕረት ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። እዚህ የተወለደ ልጅ ይህንን አይቶ የአውሮፓ 1958 ቢመስለው ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህ የእኛን ዓመት ጽፈን ከጎኑ የፈረንጁን እናደርጋለን፤ እንደ ወሩ ሰባት ወይም ስምንት እየደመርን።

ለመደርደሪያው የዓለም ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙበትን የዲዊን ቍጥር ወሰድን። ሜልቪል ዲዊ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያወጣው ነው፤ ዕውቀትን ሁሉ ከ000 እስከ 999 ይከፍለዋል። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ነው፣ የኬንያ 967.62፣ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሥነ ጽሑፍ 892.8። ጥቅሙ ምንድን ነው ብትሉ፣ ልጃችሁ እዚህ መደርደሪያ ላይ 963ን ካወቀ፣ በዲዊ የሚሠራ የትኛውም አገር ቤተ መጻሕፍት ገብቶ አገሩን ያገኛል።

የየመጽሐፉ ተራ ቍጥር በርዕሱ ገጽ፣ በውስጥ አንድ ገጽና በመዝገቡ ይጻፋል። መዝገቡ በኮምፒዩተርም አለ። ወጣቶቹ «ጋሼ፣ ደብተሩ ምን ያደርጋል?» ይሉኛል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ታላቁ የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በኮምፒዩተር ወንበዴዎች ተጠቅቶ ካታሎጉ ተቋረጠ፤ በኢንተርኔት ያሳያቸው የነበሩት የእጅ ጽሑፎችም ለረጅም ጊዜ ሊታዩ አልቻሉም። እነሱ ላይ የደረሰ እኛ ላይ አይደርስም አይባልም። ኮምፒዩተሩም ይኑር፣ ደብተሩም ይኑር፣ የደብተሩ ቅጂም ሌላ ሰው ቤት ይኑር።

ማገልገል

የተጠበቀና የተመዘገበ መጽሐፍ ካልተነበበ ግን የታሸገ ዕቃ ነው። ለማን እንደሚከፈት ደግሞ ትልቅ ነገር ነው።

ባንዳ ጎዳና ላይ፣ ከጃሚያ መስጊድ አጠገብ፣ በር ላይ ሁለት የድንጋይ አንበሶች ያሉበትን የማክሚላን ቤተ መጻሕፍት የማያውቅ የለም። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን ግን የሚገቡበት አውሮፓውያን ብቻ ነበሩ፤ የአገሩ ልጅ በአንበሶቹ በኩል ያልፋል እንጂ አይገባም። ለሁሉም ክፍት የሆነው ነጻነት ሲቃረብ የከተማው ምክር ቤት ከተረከበው በኋላ ነው። ቤቱ እያረጀ ሲሄድ ደግሞ ዋንጂሩ ኮይናንጌና አንጄላ ዋቹካ የተባሉ ሁለት ኬንያውያት ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2017 ቡክ ባንክ የሚባል ድርጅት አቋቁመው፣ እሱንና ካሎሌኒና መካዳራ ያሉትን ቅርንጫፎች ለማደስ ተነሡ። በካሎሌኒና በመካዳራ የሠሩት ግድግዳ ቀለም መቀባት ብቻ አልነበረም፤ የሠፈሩ ሰው ምን እንደሚፈልግ ጠየቁ፣ መጽሐፉን ቈጠሩ፣ ልጆችን ጠሩ።

ሰው ወደ መጽሐፍ መምጣት ካልቻለ መጽሐፍ ወደ ሰው ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1996 የኬንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ጋሪሳ ላይ በግመል የሚጓዝ ቤተ መጻሕፍት ጀመረ። አንድ ግመል በሁለት ሳጥን 400 ያህል መጽሐፍ ይሸከማል። መኪና የማይደርስበት የአርብቶ አደር መንደር ደርሶ ድንኳን ይተከላል፤ ልጆቹ ተውሰው እስከሚቀጥለው ጉዞ ያነባሉ። በአገራችንም፣ በ1936 ዓ.ም. ከተቋቋመው ወመዘክር ሌላ፣ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ አካባቢ አብርሆት የተባለው ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ተከፍቷል። እዚህ ያለ ልጃችን ግን አራት ኪሎ ሊደርስ አይችልም፤ የእሱ አብርሆት ይህች የእኛ አንዲት ክፍል ናት።

ቅዳሜ ከሰዓት ክፍሉን ስከፍት ማን እንደሚመጣ ልንገራችሁ። አማርኛ የሚማሩ ሕፃናት ይመጣሉ፤ ተረት ያነቡላቸዋል። የጉዞ ወረቀት የሚጠባበቁ ወጣቶች ይመጣሉ፤ መጽሐፉ ያን ረጅም መጠበቅ ያሳጥርላቸዋል። አንዲት እናት ትመጣለች፤ ማንበብ የተማረችው እዚሁ ነው፤ አሁን ለልጅ ልጇ ታነባለች። የተዋሱ መጻሕፍት ሁሉ ይመለሳሉ ብዬ አልዋሽም። ግን ማን እንደወሰደ ስለማውቅ በርበሬ ሊገዛ ሲመጣ እጠይቀዋለሁ!

ልመና

በመጨረሻ፣ የመጣሁበትን ልናገር። የመጻሕፍቱ ክፍል ተከራይቶ ማኅበሩን በገቢ ይደግፍ የሚል ሐሳብ ለጠቅላላ ጉባኤ እንደቀረበ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ የኪራይን ጣዕም ዐውቃለሁ። ሐሳቡን ያቀረቡትም ማኅበሩን የሚወዱ ናቸው። ሆኖም «መጻሕፍቱ ለጊዜው አንድ ሰው ጋ ይቀመጡ» የሚለውን ቃል ስሰማ ያ ሲሚንቶ ወለል ይታየኛል። «ለጊዜው» ያልኩት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ክፍሉ እንዳይከራይ እለምናለሁ። ጉባኤው ካመነበት ግን ቢያንስ ዝርዝሩ ሳያልቅ፣ የሚሄዱበትም ደረቅ ቦታ ሳይታወቅ፣ አንድም ካርቶን እንዳይንቀሳቀስ ይወሰንልኝ።

ከወጣቶቹ ደግሞ በወር ሁለት ቅዳሜ እለምናለሁ። ከመጻሕፍቱ እኩሌታው ገና አልተመዘገበም፤ አራት ልጆች ቢያግዙኝ ለሚቀጥለው እንቍጣጣሽ እንጨርሳለን።

ከቤተሰቦች የምለምነው ይህን ነው። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ መጽሐፋችሁን ገልጣችሁ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ባዶ ገጽ እዩ። የእናት ወይም የአባት እጅ ጽሑፍ ካለበት ፎቶ አንሡት፤ የማን እንደሆነም ጻፉበት። መጽሐፉን ለማኅበሩ ስጡ አልልም፤ ዝርዝሩን ብቻ ስጡን፤ የት እንዳለ እንወቅ።

ያቺ ልጅ ስትሄድ የአባቷን ስምና የዳዊቱን ነገር በመዝገባችን ጻፍኩላት። መጽሐፉ የለም፤ መስመሩ ግን አለ፤ «ዳዊት፤ በመጨረሻው ገጽ የልጆች ልደት የተጻፈበት፤ ያልተገኘ»። ከመካከላችሁ ተውሶት ዘንግቶ ቤቱ ያለ ሰው ካለ፣ ምንም አልጠይቅም። ሱቄ ዘወትር እስከ ማታ ክፍት ነው።

 ማኅበራችንን ለወርቅ ኢዮቤልዩ ያድርስልን።